ከወልድያ የተለቀቁት እርግቦች

እርግብ አልወድም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰማንያ እርግብ ያለበት ቤት ስትጠብቅ ኖራለች ሲባል ሰው ሁሉ ነፍሴ ከእነሱ ጋር የተጣበቀ ይመስለዋል። የእርግብ ሥራ ሰማይ ሰማይ እያዩ መጠበቅ ነው፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ አይሆንልኝም። ወጥ ጥጄ ክዳኑን አሥር ጊዜ አነሳለሁ። ወረፋ ስይዝ ከፊቴ ያለው ሰው ዞሮ ይገላምጠኛል። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ማትሪክ አልመጣልኝም፣ ሥራ የለኝም፣ ባል የለኝም፣ ከሐይቅ ከተማ ወጥቼ እገባበታለሁ የምለው አገር የለኝም። ተኝቼ እንኳ እግሬ አያርፍም ነበር ትላለች እናቴ።

እርግቦቹ የወንድሜ ናቸው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አሥመራ ጋራዥ ሲሠራ አለቃው የነበረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ሰገነቱ ላይ የእሽቅድምድም እርግብ ያረባ ስለነበር ሥራውን ከእሱ ተማረ። ጦርነቱ ሲበረታ ሁለት ጥንድ እርግብ በተበሳሳ ካርቶን ይዞ አገሩ ገባ። «የሰው ልጅ ከአሥመራ ሬዲዮ ይዞ ይመጣል፤ የኔው እርግብ ታቅፎ መጣ» እያለች እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀችበት።

ከቤታችን ጓሮ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ እህል የሚያስቀምጥበት ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት መጋዘን ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ባዶውን ቆሟል። ወንድሜ ፎቁን ያዘው። የሳሙና ሳጥኖች ግድግዳው ላይ ደርድሮ ጎጆ አደረጋቸው፤ በሐይቁ በኩል ያለው መስኮት ላይ የማረፊያ ጣውላ መታ፤ ከጣውላው ቀጥሎ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት የሽቦ በር ሠራ። እርግቡ በደረቱ ገፋ አድርጎት ይገባል፤ ተመልሶ መውጣት ግን አይችልም። በጥቂት ዓመት ሁለቱ ጥንድ ሰማንያ ሆኑ።

ማሠልጠኑ እንዲህ ነው። ጫጩቱ ክንፉ ሲጠና ለጥቂት ቀን ጣውላው ላይ ተቀምጦ አገሩን እንዲያይ ይተዉታል። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ሳይበላ፣ በቅርጫት ሐይቁ ዳር ወስደው ይለቁታል። ርቦታልና ዞር ዞር ሳይል ይመጣል፤ የማሽላ ጣሳ ሲንኳኳ ሰምቶ ይገባል። በሚቀጥለው ሳምንት ውጫሌ፣ ከዚያ ውርጌሳ፣ ከዚያ መርሳ፣ መጨረሻ ወልድያ። የመጀመሪያዋ እርግብ ከወልድያ በአንድ ሰዓት ከሩብ የገባች ዕለት ወንድሜ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ለማያውቀው መንገደኛ ሁሉ ሲያወራ ዋለ። እኔ ጣሳ አንኳኪ ነበርኩ። እሱም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቶሎ ቶሎ ከተንኳኳ ይደነግጣሉ። ስንት ጊዜ ጣሳውን ከእጄ ነጥቆኛል።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጢሙ የሸበተ፣ ቀልደኛ ሙስሊም። እንደ ዋዛ ሁለት ጫጩት ከወንድሜ ተቀብሎ በዓመቱ የሱቁን ጣራ የእርግብ ቤት አደረገው። ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ እሽቅድምድም ነው። እርግቦቹን ጠዋት በሚያልፍ መኪና ለሚያውቁት ረዳት ይልካሉ፤ ረዳቱ ውርጌሳ ወይም መርሳ ላይ በተባለው ሰዓት ይለቃል። የተሸነፈው ያሸናፊውን የእርግብ ቤት ኩስ ይጠርጋል። «ወላሂ ዛሬ መጥረጊያውን አስጨብጥሃለሁ» ይላል ሰፊው፣ መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰክቶ። ዳኛዋ እናቴ ነበረች። የአባቴን የእጅ ሰዓት ጭብጧ ውስጥ ይዛ መንገዱ ዳር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች።

በመጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ይጣሉ ነበር። አንዱ «ያንተ ገና ሰማይ ላይ ሳለ የኔ ጣራው ላይ አረፈ» ይላል፣ ሌላው ይምላል። እናቴ ሰለቻትና ሕግ አወጣች፤ መጣ የሚባለው የሽቦውን በር አልፎ የገባው ብቻ ነው። «ጣራ ላይ ያለው የጭልፊት ነው፤ እኔ አላውቀውም» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ማንም «ደረሰ» ሲላት «ገባ ወይ?» ብላ ነው የምትጠይቀው። ለቀልድም ሆነ ለቁም ነገር ከዚህ ቃሏ ዝንፍ ብላ አታውቅም።

ስለዚህ ትልቁ ጥበብ ማብረሩ ሳይሆን ማስገባቱ ሆነ። ጣውላው አጠገብ ልብስ አይሰጣም፣ እንግዳ ሰው አይቆምም። ከሁሉም የከፋው ጭስ ነው። ወንድሜ መጋዘኑ ሥር ሲጋራ እንኳ አያስጨስም። ኅዳር ሲታጠን ደግሞ ከተማው ሁሉ ጥራጊውን ሰብስቦ ያነዳል፤ በሽታን ያባርራል ይባላል፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ከየደጁ ጭስ ይወጣል። የዚያን ቀን የኛን ጥራጊ መንገድ ዳር ድረስ ተሸክመን ነበር የምናቃጥለው። የከተማው ጭስ እርግብን ብዙም አያስቸግራትም፤ ከላይ ሆና ቤቷን ለይታ ትወርዳለች። ከገዛ በሯ ሥር ጭስ ከወጣ ግን በምንም አትገባም።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው እሽቅድምድሙ ቀረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ መጣና «እነዚህ ወፎች ለወንበዴ ደብዳቤ ያመላልሳሉ ተብሏል» አለ። ሰማንያውን አንድ በአንድ አስይዞ ክንፋቸውን ገለጠ፣ ጅራታቸውን አነሳ። አንዷ ካኪ እጅጌው ላይ ኩሷን ለቀቀችበት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሊቀመንበሩ እጅጌውን እያራገፈ፣ እግሩ ላይ ወረቀት ወይም ክር የታሰረበት እርግብ የተገኘ እንደሆነ ባለቤቱን እንደማይምር ነግሮን ሄደ። ከዚያ በኋላ ወረቀት የሚባል ነገር እርግቦቹ አጠገብ አላደረስንም።

ወንድሜ ያን ጊዜ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ከኮምቦልቻ ወደ ወልድያ የእርዳታ እህል ያመላልስ ነበር። መንገዱ አንድ ቀን ሰላም፣ አንድ ቀን ተኩስ ነው። እናቴ እሱ በወጣ ቁጥር እህል አይወርድላትም። እሱም ዘዴ አገኘላት። ሲሄድ አራት እርግብ በቅርጫት ይዞ ይሄዳል። ወልድያ በደህና ሲደርስ ሁለቱን ይለቃል። ወደ ቤት ለመመለስ ሲነሣ የቀሩትን ሁለት ይለቃል። ደብዳቤ የለ፣ ክር የለ፣ እርግቦቹ ራሳቸው ወሬ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሲገቡ እናቴ እንጀራ ትቆርሳለች፣ የኋለኞቹ ሲገቡ የእግር ውኃ ታሞቃለች። እሱ ከሌለ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ አመሌን እያወቀ ምን ምርጫ ነበረው።

ያን ኅዳር በመጀመሪያው ሳምንት ሄደ። በማግስቱ ሁለቱ ገቡ፤ ደርሷል። ቀዩ ወንዱና ግራጫዋ እሱ ዘንድ ቀርተዋል። ከዚያ ዝም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። ከወዲያ የሚመጣ መኪና አነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። አንዱ ወልድያ ተከቧል ይላል፣ አንዱ ሾፌሮቹ አልቀዋል ይላል፣ አንዱ ሁለቱም ውሸት ነው ይላል። ስልክ ቤት ሄድን፤ መስመሩ ተቆርጧል። እናቴ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወርዳ፣ ገዳሙ ሴት አያስገባምና፣ ሴቶች እስከሚደርሱበት ሄዳ ስትጸልይ እየዋለች ትመለሳለች። ልብስ ሰፊው በየጠዋቱ መንገዱን ተሻግሮ «አብሽሪ እታለም፣ አላህ ያመጣዋል» ይላታል። እኔ መሰላል እወጣለሁ፣ መሰላል እወርዳለሁ። ሰማዩን አያለሁ፣ ደመናው ያናድደኛል። ቁጭ ስል ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። እናቴ «አንድ ቦታ እረጊ፣ አዞርሽኝ!» ብላ ትጮኽብኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ። ሁለታችንም የምንጮኸው በእሱ ላይ ነበር።

ኅዳር አሥራ ሁለት ደረሰ። እናቴ ለሚካኤል ንግሥ ገና ሳይነጋ ወጣች። ስትወጣ «ቤቱን ጥረጊ፣ ጥራጊውን መንገድ ዳር አውጥተሽ አንድጂው» አለችኝ። ጠረግሁ። ቤቱን ጨረስኩ፣ ግቢውን ጨረስኩ፣ እጄ አላረፈም። ወደ እርግብ ቤቱ ወጣሁና ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ ያልተነካውን ኩስና የጎጆ ጭድ ሁሉ ጠርጌ በመስኮቱ ወደ ታች ጣልኩት። እየወረወርኩ «ይጥራ ቤቱ፣ ክፉው ሁሉ ይውጣ» እል ነበር፤ ለእሱ መልካም የምሠራለት መስሎኝ። ስወርድ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ወገቤ ድረስ ተከምሯል። መንገድ ዳር ለማድረስ ሠላሳ አርባ ቅርጫት ይሆናል። አየሁት። ከተማው ሁሉ ቀድሞኝ ማጨስ ጀምሯል። ስድስት ቀን ሙሉ ያልመጡ እርግቦች አሁን አይመጡም ብዬ፣ እዚያው ክብሪት ጫርኩበት።

ጭዱ ቶሎ ተቀጣጠለ፤ ኩሱ ግን እየታመሰ ነጭ ወፍራም ጭስ ይተፋ ጀመር። ጭሱ ግድግዳውን ይዞ ወጣና ጣውላውን፣ መስኮቱን፣ የሽቦውን በር ሸፈነው። ዓይኔን እየጠራረግሁ ሳለ ከላዬ የክንፍ ድምፅ ሰማሁ። ቀና አልኩ። ቀዩ ነው። ከኋላው ግራጫዋ። ጣራውን አንድ ጊዜ ዞሩት፣ ሁለት ጊዜ ዞሩት። ቀዩ ክንፉን ዘርግቶ ሊያርፍ ወረደ፣ ጭሱ ሲመታው ተመልሶ ተወረወረ። ጣሳውን ለማንሳት ሮጥኩ፣ አንኳኳሁ፣ እንደ እብድ አንኳኳሁ። ውኃ አምጥቼ ደፋሁበት፣ ጭሱ ባሰ። ሦስተኛ ዞሩና ወደ ሐይቁ በኩል ሄዱ። ተነሥቷል ማለት ነው። ወንድሜ በሕይወት አለ፣ ወደ ቤቱ እየመጣ ነው፣ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እሳቱን አጠፋሁ። አመዱን እየዛቅሁ የጌሾው ሥር በተንኩት፣ አፈር አለበስኩት። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግቢው የተጠረገ፣ የጸዳ ነበር። ልብስ ሰፊው ወሬ ሊጠይቅ አብሯት ገባ።

«እማ፣ እርግቦቹ መጥተዋል!» አልኳት።

ነጠላዋን ጣለችው። «ገቡ ወይ?»

«አልገቡም። ዞሩና ሄዱ። ግን የኛዎቹ ናቸው፤ ቀዩን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

«የኛ ከሆኑ ለምን አይገቡም ታዲያ?»

እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። «ከተማው ሁሉ እየጨሰ እኮ ነው» አልኩ።

«አምና በዚሁ ቀን የኔይቱ ያንን ሁሉ ጭስ አልፋ ገብታለች» አለ ሰፊው፣ ጢሙን እያሻሸ። ክፋት አልነበረውም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረ። ወደ እኔ ዞረ። «የዱር እርግብም ከሩቅ ቀይ ይመስላል እታለም። ዓይንሽ ናፍቆ ይሆናል።»

እናቴ አየችኝ። ስድስት ቀን መሰላል ስወጣ ስወርድ፣ ቁራውንም አሞራውንም «መጡ!» ስል የከረምኩ ልጇን አየች። ቁጭ አለችና መሬቱን በጣቷ ትጭር ጀመር። «ካልገቡ አልመጡም» አለች። «ልጄ የሆነ ነገር ሆኗል። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

ሰፊው ለመናት፣ እኔም ለመንኳት። ለምኜያታለሁ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። እግሯ ላይ ወድቄ «መጥተዋል፣ እመኚኝ» ብያታለሁ። እሳቱን ግን አልነገርኳትም። ሌሊቱን ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተኝተን፣ እሷም አልተኛች እኔም አልተኛሁ፣ አልነገርኳትም። አፈርኩ። በዚያ ሳምንት «ችኩል» ብላ የሰደበችኝ ስድብ ሁሉ እውነት ሊሆን ነው። ደግሞ ጠዋት መኪና አታገኝም ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አገኘች። እስከ መርሳ የሚሄድ የወታደር መኪና ከነቋጠሮዋ ጫናት።

በዚያው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እሷ ከሄደች ብዙም ሳይቆይ፣ ቀዩ ብቻውን መጥቶ የሽቦውን በር በደረቱ ገፍቶ ገባ። ጅራቱ ተነጭቷል። ግራጫዋ አልመጣችም፤ በዚያው ቀረች። መንገድ ላይ ወጥቼ ወደ ውጫሌ አቅጣጫ ሮጥኩ፣ ጫማዬ ወለቀ። ሰፊው ምን እንደሆነ ሲሰማ የሚሰፋውን ሱሪ እንደያዘ ተነሥቶ ባገኘው መኪና ውጫሌ ድረስ ተከተላት። ማታ ተመለሰ። አልፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አያሳልፉም።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ መጣ። መኪናውን ጥሎ፣ መንገዱን ሸሽቶ፣ በአምባሰል ተራራ ሥር ለሥር በእግሩ። ተረከዙ ተልጦ በጨርቅ ተጠምጥሟል። በር ላይ ቆሞ «እማ!» ብሎ ተጣራ። እኔ ወጣሁ። ወዲያና ወዲህ አየና «የት ሄደች?» አለኝ። ስነግረው ግድግዳውን ይዞ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እርግቦቹ አልገቡም?»

«ቀዩ ገብቷል። በሚካኤል ማግስት።»

«በሚካኤል ዕለት ጠዋት እኮ ነው የለቀቅኋቸው። ከወልድያ ሲወጡ ዓይኔ እያያቸው! በሰዓት ከሩብ የሚመጣ እርግብ እንዴት አንድ ቀን ያድራል?»

«ጭልፊት ይሆናላ» አልኩት። ጅራቱን አሳየሁት።

ማታውን እያነከሰ መሰላሉን ወጣ። ከታች ሆኜ መብራት ይዤለት ነበር። ጣውላውን ዳሰሰ፣ ከሥሩ እጁን ሰደደና መልሶ አየው። ጣቶቹ ጥቁር ጥላሸት ሆነዋል። ሲወርድ ፊቴን አላየም። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ጣውላውን ከሥሩ በቢላዋ ሲፍቅ አገኘሁት። ነጭ እንጨት እስኪሆን ፋቀው፤ ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ሐይቁ ዳር ወስዶ ጣለው።

መንገዱ ተዘጋ። እሱ ደግሞ መኪናውን የት ጥለህ መጣህ የሚለው አለና፣ ደጅ መውጣት አይችልም፤ ወራቱን ከእርግቦቹ ጋር መጋዘኑ ፎቅ ላይ ተደብቆ ከረመ። ሄጄ ልፈልጋት ባለ ቁጥር ደግሞ እንዳይተላለፉ ብዬ መሰላሉን እወስድበታለሁ። ከወዲያ ወገን ወሬ የለም። በልቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም ሰው ስለ እናታችን ሲጠይቀኝ «ትመጣለች» እላለሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ሞታለች ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በየቀኑ እኔ ገደልኳት እያልኩ ነበር የምነሣው።

መስከረም ላይ መጣች። ወልድያ ከአንዲት ጠላ ሻጭ ቤት እህል ስትፈጭ፣ ስታበጥር፣ በትርፍ ጊዜዋ የልጇን ሬሳ ስትፈልግ ከርማ፣ ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ከሚሄዱ ምእመናን ጋር ተቀላቅላ በተራራው ወጥታ፣ ከግሸን ደግሞ በአምባሰል ወርዳ መጣች። መስቀሏ ላይ ትቢያ አለ፣ አንድ ዓይኗ ደፍርሷል። ልጇን ቆሞ ስታየው አልጮኸችም። ፊቱን በሁለት እጇ ዳበሰችና ቁጭ ብላ ውኃ ጠየቀች። ዓይኗ ከዚያ በኋላ አልዳነም፤ ቀስ በቀስ ሁለተኛውንም ያዘው።

እንኳን ደህና ገባሽ ሊል ለመጣው ሰው ሁሉ ታሪኩን ትነግራለች። «ልጄ ነግራኝ ነበር» ትላለች፣ እኔን እጄን ይዛ። «መጥተዋል እማ፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብላኝ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። ሕግ አውጥቼ በሕጌ ጠፋሁ።» ሰው ይስቃል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ልብስ ሰፊው «ኸረ እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» ብሎ ይከራከራታል። ወንድሜ ይነሣና ወደ ጓሮ ይወጣል። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ እንግዳ ይመጣል፤ ነገ እላለሁ፣ ደስ ብሏት ውላለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ መንግሥት ተለወጠ፣ እርግቦቹ ተሸጡ፣ መጋዘኑ ፈረሰ።

ልታርፍ ሰሞን ንስሐ አባቷ መጥተው ከሄዱ በኋላ አስጠራችኝ። ማየት ትታ ነበር፤ እጇ ፊቴን ፈልጎ አገኘው። «አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለችኝ። «ያን ጊዜ እውነትሽን ሳላምንሽ ቀረሁ። በሰው ፊት ውሸታም አደረግኩሽ። ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት።» ወንድሜ ከአልጋው ማዶ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ጠበቀ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ እማ» አልኳት።